የልጄ እጅ ተፈታ

እናቴ ድራም ስመታ ማየት አትወድም ነበር። ያስጠላት ድምፁ አይደለም። ኮልፌ ውስጥ በብረት ቤቶችና በታክሲ ረዳቶች ጩኸት መሃል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት በድምፅ አትደነግጥም። የማትወደው የእጄን አቀማመጥ ነው። «እጅህን እንዲያ አጣምረህ ሳይህ የታሰረ ሰው ትመስለኛለህ፤ ሆዴ ይባባል» ትለኛለች። ድራም የሚመታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመታው ስላት፣ «ሁሉም ቢታሰር ላንተ ምን ይረባሃል?» ትላለች። እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም። አባቴም ሳይረታት ነው የሞተው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድራም ላይ ስትቀመጥ በግራህ በኩል እንደ ሳህን የተደራረቡ ሁለት ናሶች አሉ፤ ሃይሃት እንላቸዋለን። ከፊትህ፣ በጉልበቶችህ መካከል ደግሞ ትንሹ ከበሮ አለ፤ እሱ ስኔር ነው። ሃይሃቱ ሥራ ይበዛበታል፤ መዝሙሩ ከተጀመረ እስኪያልቅ ጭስ ጭስ ጭስ እያለ አያርፍም። ስኔሩ ግን ጌታ ነው፤ ጠብቆ ጠብቆ አንዴ ጧ! ይላል። ቀኝ እጅ ፈጣን ስለሆነ ሥራ የሚበዛበትን ይወስዳል፤ ሃይሃቱ ግን ያለው በግራ ነው። ስለዚህ ቀኙ በግራው ላይ ተሻግሮ ይሄዳል፣ ግራው ከሥር ሆኖ ስኔሩን ይመታል። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ አሳየኝ፣ እሱንም ያስተማረው እንዲሁ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ቀን ቀን ኮልፌ ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ብረት እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ እሞርዳለሁ። እሁድና ረቡዕ አየር ጤና አካባቢ ባለችው የአምልኮ አዳራሻችን ድራም ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ አግዳሚ ጎን ነው የምትቀመጠው። ዓይኗ ደከም ስላለ ከሩቅ አይታያትም። ከቅርብም ቢሆን የሚታያት የምትፈልገው ነው።

አባቴ የኮረሪማ ነጋዴ ነበር። ወላጆቼ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ቆይተዋል፤ እኛ ልጆቹ የተወለድነው ኮልፌ ነው። እሱ ሲሞት አላለቀስኩም። ድንኳኑን አብሬ ተከልኩ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ «አይዞህ» ሲሉኝ «እሺ» አልኩ። ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ ለእድር ሲመለስም የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሰዉ «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው» ይል ነበር። ጠንካራ አልነበርኩም። ምንም አልመጣልኝም፤ በቃ። ምግብ ጣዕም አልነበረውም፣ መዝሙርም መዝሙር አልነበረም፣ ድራሙም እንደ በርና መስኮቱ ሥራ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና «አንተ ደንዛዛ፣ እንባህን የት ሸጥከው?» አለችኝ። «ደንዛዛ» ልጅ ሆኜ ዕቃ ስጥልባት የምትጠራኝ ስም ነው።

ዓመቱ ሲወጣ እጄም ተከተለ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበቷ ጣት ደነዘዙ። መጀመሪያ የብረት መቁረጫው ንዝረት ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ የሸሚዜን ቁልፍ ስቆልፍ ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑብኝ። አንድ እሁድ በአምልኮ መሃል ድራም የምመታበት ስቲክ ከእጄ ሾልኮ ወጣ፣ ያወቅኩትም የሃይሃቱ ድምፅ ሲቀር ነው። ስቲክ የሚያዘው በኋላ ጣቶች ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያመላክታሉ እንጂ ጭብጡን የሚያጠብቁት የኋላዎቹ ናቸው።

ቤቴል ክሊኒክ ሄድኩ። እናቴ እዚያው የስኳር ክትትል ስላላት አብረን ነው የምንሄደው። ሐኪሙ ክርኔን ነካ ነካ አድርጎ ነርቭ ተጨምቋል አለኝ፤ እጅህን አሳርፈው አለኝ። ጥሩ ምክር ነው፣ እንጀራዬ በእጄ ባይሆን ኖሮ። ወደ እናቴ ዞሮ ደግሞ፣ «እማማ፣ እግርዎን አሁንም ያቃጥልዎታል?» አላት።

«እሳት ነው እንጂ ማቃጠል ይባላል? ሌሊቱን ሙሉ ይለበልበኛል» አለች።

«ይሁን። እኔ የሚያሰጋኝ ማቃጠሉን የተወ ዕለት ነው። ምንም አልሰማዎት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። የሰማችው ግን «ማቃጠሉን የተወ ዕለት» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ያን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው የያዘችው።

እጄ ጉባኤው ውስጥ ወሬ ሆነ። እየመጡ ክንዴን ይይዙና ይጸልያሉ። አንዱ ዘይት ያምጣ ይላል፣ ሌላው እምነትህን አጠንክር ይላል፣ ሦስተኛው በተኛህበት እጅህን ተጭነኸው ነው ይላል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል። እናቴ ጾም ያዘች። የስኳር በሽተኛ አይጾምም ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ።

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛዬ ብቻ አልጸለየልኝም። ከልምምድ በኋላ ተቀምጦ አየኝና «አቦ፣ ለምን በግራህ አትመራም?» አለ።

«ምኑን?»

«ሃይሃቱን ነዋ! ከግራህ አጠገብ እኮ ነው ያለው። ምን አሻገረህ? ቀኝህ ስኔሩን ጧ ጧ ያድርግ፤ እሱ ሥራ አይበዛበትም።»

ክፍት እጅ ይሉታል እንዲህ የሚመቱት፤ እጅ በእጅ ላይ አይሻገርም። ሰምቼ አውቅ ነበር፣ ግን ለግራኞች ይመስለኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ከብረት ቤታችን ጓሮ የወደቀ ጎማ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። ግራ እጄ ግራ ገባው! ዕድሜውን ሙሉ በሌላው ሥር ሆኖ የኖረ እጅ ምራ ሲሉት ይንተባተባል። አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይቆማል። ተናደድኩበት፣ ሰደብኩት፣ በስቲኩ ጎማውን ደበደብኩት። እልኸኛ ነኝ፤ ብረት ቤት ያደገ ሰው ልስልስ አይሆንም።

ቀኙም ቢሆን አያያዝ መቀየር ነበረበት። መጀመሪያ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ያዝኩት፤ ይዞራል እንጂ አይመታም። ቀጥሎ እንደ መዶሻ ጨበጥኩት፤ የደነዘዙት ጣቶች ስለማይጠብቁ ወለቀ። በመጨረሻ የጥንት የሰልፍ ከበሮ መቺዎች አያያዝ ትዝ አለኝ። መዳፌን ወደ ላይ ገለበጥኩ፣ ስቲኩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አጋደምኩት፣ ሌሎቹ ጣቶች መከዳ ብቻ ሆኑለት። እዚያ ላይ አይጨብጡም፤ ያስተኙታል። አንጓዬን ሳዞር ጧ! አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ሠራ» አልኩና ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ።

በተከታዩ እሁድ በዚያ አያያዝ መታሁ። ፈጣን የምስጋና መዝሙር ነበር፤ ግራዬ ሃይሃቱ ላይ፣ ቀኜ ስኔሩ ላይ፣ መዳፌ ወደ ሰማይ። ቤዝ ተጫዋቹ ጓደኛዬ ዞር ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። አንድም ስቲክ አልወደቀም።

መዝሙሩ አልቆ የአምልኮ መሪው «ምስክርነት ያለው አለ?» ሲል እናቴ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መድረኩ ስትወጣ የስኳሯን ነገር ልትናገር ነው ብዬ ነበር። ማይኩን ያዘች።

«ጌታ ይባረክ!» አለች። «አሜን!» አለ አዳራሹ። «የልጄ እጅ ታስሮ ነበር። ስንት ዘመን አንዱ ባንዱ ላይ ታስሮ ሳየው አለቀስኩ! ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ተፈታ! የልጄ እጅ ተፈታ! መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ለጌታው ሲመታ አየሁት!»

እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። ግራ የተጋባሁት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ገባኝ። ሴትዮዋ እስከዛሬ በሽታው እጅ ማጣመሩ ነው ብላ ነው የጾመችው። ለነርቩ አይደለም፣ ለጣቶቹ አይደለም፤ ለእጄ አቀማመጥ ነው የጸለየችው። ጸሎቷም ተመልሷል፤ ማን ሊከራከራት ነው? ፓስተራችን ፈገግ ብለው ወደኔ ዞሩና «ወንድማችን፣ እስቲ እጅህን ከፍ አድርገው!» አሉ። አነሳሁት። ሌላ እልልታ።

ከጉባኤው በኋላ በር ላይ ከበቡኝ። «ምን ተሰማህ?» አለችኝ አንዷ እህት፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ።

«ምንም አይሰማኝም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ የያዘችውን ትንሿን ጣቴን ራሱ አይሰማኝም።

«ስሙ! ሕመሙ ጨርሶ ጠፍቷል! ምንም አይሰማውም!» ብላ ለኋለኞቹ ጮኸች። ሰው ደስ ሲለው ማስቆም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ጉልበቴን ለማንም አላወጣም ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳን ደስ አላት ብዬ እተወው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ቡፌው ላይ የተቀመጠው የስኳር ኪኒኗ እንደነበረ ነው። ማሸጊያው አልተነካም። ጠየቅኳት።

«ተውኩት» አለች፣ ምስር እየለቀመች።

«ምን ማለት ነው ተውኩት?»

«እግሬ ማቃጠሉን ተወኛ! አንተ ከተፈታህበት ቀን ጀምሮ ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ። አንተን የፈታ እኔን ይረሳኛል? ምንም አይሰማኝም፤ ጌታ ይመስገን።»

የሐኪሙን ቃል ነገርኳት። «እሱ እንደ ሐኪምነቱ ተናገረ» አለች። እጄ አልዳነም አልኳት፤ አያያዝ ነው የቀየርኩት፣ እጅ ነው የቀየርኩት፣ ጣቶቼ አሁንም ድንዙዝ ናቸው አልኳት። ምስሩን ጥላ ተነሳችና አፌን በመዳፏ ከደነችው። «ዝም በል! ፈውስህን በአፍህ አትጣል! ባየሁት ዓይኔ ልትከራከረኝ?» እጇ ምስር ምስር ይሸት ነበር። ተናድጄ ወጣሁ።

ፓስተራችን ዘንድ ሄጄ ነገሩን ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እቤት ድረስ መጥተው «እናታችን፣ ኪኒኑንም የሰጠን ጌታ ነው፤ ይውሰዱ እንጂ» አሏት። «እሺ ፓስተር» ብላ እስከ በር ሸኘቻቸው። ተመልሳ ስትቀመጥ «ምን ያድርጉ፣ እምነታችን እንዳይደክም ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት» አለችኝ። ኪኒኑ ቡፌው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ከገበያ የተመለሰች ቀን ነው የቆርኪው ነገር የመጣው። ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ የለስላሳ ቆርኪ ከውስጡ ዱብ አለ፣ ጥርሱ ወደ ላይ። ውስጥ እግሯ ላይ ክብ ምልክት አትሞባታል፣ ዳር ዳሩ ደም ቋጥሯል።

«መቼ ነው የገባው?»

«እንጃ» አለች። ቆርኪውን አንስታ አገላብጣ አየችው። «ስሄድ ይሆን ስመጣ?» ብላ ሳቀች። በዚያ ቆርኪ ላይ ቆማ ቲማቲም መርጣለች፣ ተከራክራለች፣ ታክሲ ተጋፍታለች። መፍራት ነበረብኝ። መፍራት እንዳለብኝም አውቅ ነበር። ቆሜ ቆርኪውን አየሁት፣ «በአልኮል እጠቢው» አልኳት፣ ገብቼ ተኛሁ። እንዲህ ነበርኩ ያኔ፤ እሳት ቢነሳ ውሃ አምጡ የምል እንጂ የምሮጥ ሰው አልነበርኩም።

ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እሷ በቃል አታምንም፤ በዓይኗ ባየችው ነው የምትምለው። እንግዲያው በዓይኗ ትይ አልኩ።

የሚቀጥለው እሁድ ድራም ላይ ስቀመጥ እጄን አጣመርኩ። ቀኜን በግራዬ ላይ አሻግሬ ሃይሃቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ስቲኩን በድሮው አያያዝ ጨበጥኩ። ቤዙ አየኝ። «ምን እየሆንክ ነው?» አለ በከንፈሩ። ስቲኮቼን አጋጭቼ አራት ቆጠርኩና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ መጨበጤን በዓይኔ ካልሆነ በጣቶቼ አላውቀውም ነበር። እናቴን አየኋት፤ ማጨብጨቧን አቁማ አንገቷን ወደፊት አስግጋለች። አዝማቹ ላይ ሕዝቡ ሲነሳ ስቲኩ ሾለከ፣ የስኔሩን ጠርዝ መታ፣ ነጥሮ መድረኩ ላይ ተንከባለለና ከአግዳሚዋ ፊት ቆመ። ጎኔ ትርፍ ስቲክ ነበረኝ። አላነሳሁም። ቀኝ እጄን ባዶውን እንደተሻገረ ተውኩት። ቤዙና ጭብጨባው መዝሙሩን እየጎተቱ ጨረሱት፣ የአምልኮ መሪው ቶሎ ብሎ ወደ ጸሎት ገባ። ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እሷ አልጨፈነችም። ጎንበስ ብላ ስቲኩን አነሳች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ቤት ስደርስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አላወለቀችም። ስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አልዳነም ማለት ነው» አለች።

«አልዳነም፣ እማዬ።»

«እንደዚያ የመታህልኝ ቀንስ?»

«እጅ ቀይሬ ነው። ከነድንዛዜው መምታት ይቻላል።»

ስቲኩን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋችው። ከዚያ «ጫማዬን አውልቅልኝ» አለች። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ አወለቅኩላት፣ ካልሲዋንም። ዓይኗን ጨፈነች። «እስቲ ንካኝ። የት ጋ እንደነካኸኝ ልንገርህ።»

ውስጥ እግሯን በቀኝ እጄ ነካሁ፣ በዚያ በደነዘዘው በኩል። ጠበቅኩ። እሷም ጠበቀች።

«ጀምር እንጂ» አለች።

«ጀምሬያለሁ።»

ዓይኗን ሳትገልጥ «እየነካኸኝ ነው?» አለች። ድምፁ የሷ አልመሰለኝም።

እጄን አየሁ። ጣቶቼ እግሯ ላይ ናቸው፤ ያወቅኩት ግን ስላየሁ ነው። እሷ አይሰማትም፣ እኔም አይሰማኝም። ሁለታችን እንዲያ ተነካክተን ተቀምጠን ማናችንም አናውቅም። እጅ ቀየርኩ። ግራዬን ከተረከዟ ወደ ላይ አስኬድኩት። ቆርኪው የነበረበት ቦታ ስደርስ ቆዳው እንደ ምድጃ ዳር ትኩስ ነበር፣ መሃሉም እርጥብ። እጄን አንስቼ ሳየው መግል ነው።

ያኔ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ያልመጣልኝ ነው። እግሯን በሁለቱም እጄ ያዝኩት። አባቴ ሞቷል፣ እሷም በዚህች እግር ትሄዳለች፣ እኔ ወንበር እደረድራለሁ። እንባዬ ጭኗ ላይ ሲወርድ ዓይኗን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝና እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«ምን ተሰማህ?» አለችኝ።

«ፈራሁ፣ እማዬ። በጣም ፈራሁ።»

«ተመስገን» አለች። ከዚያ ተደግፋኝ ተነሳች፣ ቡፌው ላይ ያለውን ኪኒን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች፣ በዓይኗ ሌላውን ጫማዋን ፈለገች። «ተነሳ በል፣ የቤቴል ታክሲ ሳይሞላ እንድረስ።»